ሰባት ስንት ጊዜ ነበር?

«መምህር ማቴዎስ የሚባል ሰው አላውቅም። ተሳስተሻል እህቴ...»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ።

አስካለች አማን ከተማ ውስጥ ኮረሪማ ቸርቻሪ ናት። ሱቋ በር ላይ የተቀመጡት ጎረቤቷ፣ መምህር ማቴዎስ፣ ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውን ያዘው... ከጭንቅላታቸውም ብዙ ነገር ወሰደ።

ከሁሉ ያንገበገባቸው ግን የአንድ ልጃቸው የአልአዛር ስልክ ቁጥር ነው።

አልአዛር አዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሆኗል። መደወል ከተወ ቆይቷል። ቁጥሩንም ከአባቱ በቀር ለአገሩ ሰው አልሰጠም።

«ታዲያ ምነው ጽፈው ቢያስቀምጡት?» ትሉ ይሆናል።

እሳቸው ቁጥር የሚይዙት በፀባዩ ነው፤ ለስንት እንደሚካፈል አይተው። «አሃዝ ይረሳል፣ ፀባይ አይረሳም» ነበር የሚሉት ለተማሪዎቻቸው።

እንዳሉትም ሆነ... አሃዙ ጠፋ፣ ፀባዩ ቀረ።

መነሻውን አልረሱትም። የጠፋው የመጨረሻው ስድስት አሃዝ ነው። ለአሥራ አንድ አንዴ ይካፈላል፣ ለአሥራ ሦስት አንዴ ይካፈላል። የቀረው ሰባት በሰባት እየተባዛ የመጣ ነው።

ግን ሰባት ስንት ጊዜ?

በግራ እጃቸው ከሰል ይዘው የአስካለችን ቆርቆሮ አጥር ሞሉት። የአማን ዝናብ ያጥበዋል... እንደገና ይጀምራሉ።

አንድ ጠዋት ገባቸው። ሰባት ሦስት ጊዜ ከሆነ ቁጥሩ ከአምስት አሃዝ አያልፍም። አምስት ጊዜ ከሆነ ሰባት አሃዝ ይሆናል። ስድስት አሃዝ የሚሰጠው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

343343።

«አስኩ፣ ሌላ ሊሆን አይችልም» አሉ እያለቀሱ።

ደወለች። መልሱን ከላይ ሰምታችኋል...

ልድገመው ስትላቸው እምቢ አሉ።

«ተዪው። ልጄ አባቱን አላውቅም አይልም። የተበላሸው የኔ ጭንቅላት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ከሰል አልነኩም። እህልም እምብዛም አልቀመሱም። የዚያ ዓመት ቡና ሳይለቀም አረፉ።

የአማን ልጆች አልአዛርን አዲስ አበባ አፈላልገው መርዶውን ነገሩት። መጣ። ድንኳኑ ውስጥ «አባቴ ሁሉ ነገሬ ነበር» እያለ እንባውን በመሐረብ ይጠርጋል።

አስካለች ጥግ ላይ ሆና ድምፁን ሰማች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች...

ስልኳን አውጥታ ያንኑ ቁጥር ደወለች።

የአልአዛር ኪስ ጮኸ።

ቀና ሲል፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አያት።

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኋላ እደውላለሁ ብዬ...»

«ስሌታቸው ልክ ነበር» አለችው። «እሳቸው ግን ጭንቅላቴ ከዳኝ እንዳሉ ሞቱ።»

ወገኖቼ... ወላጅ ልጁን ከሚጠራጠር ራሱን ይጠራጠራል። በዚያ እምነት አትጫወቱ። ለቅሶ ቤት የፈሰሰ እንባ ያልተነሳ ስልክ አያነሳም። ለመምህር ማቴዎስ ስሌታቸው ልክ እንደነበር የሚነግራቸው አሁን ማንም የለም።

እናንተስ... «ኋላ እደውላለሁ» ብላችሁ እስከ ዛሬ ያልደወላችሁት ለማን ነው? እስኪ ከታች ጻፉት... ከዚያ በፊት ግን ደውሉ።