የማይሰበር ዘንግ

የአናጢው ሴት ልጅ ሐይቅ ውስጥ ሰጥማ ከቀረች ዓመት ሆናት። አስከሬኗ ስላልተገኘ አባት እርሙን አላወጣም። ዓሣ ላጥምድ እያለ መንጠቆውን የሚጥለው እዚያው፣ ዛፎች ከሰመጡበት ነው፤ መንጠቆው ግንድ እየያዘ ስንት ዘንግ ተሰበረበት።

«የማይሰበር ስጠኝ» አለው የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጠውን ባለሱቅ።

«ይሞክሩት እንጂ ጋሼ! እኔ ጓሮ ሆኜ ክሩን ልያዝልዎ፣ እርስዎ ይጎትቱ።» ዘንጉን አስጨብጦት የክሩን ጫፍ ይዞ በጓሮ በር ወጣ።

አናጢው ጎተተ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ሲጥ ሲጥ አለ እንጂ አልተሰበረም። አንጀቱ ራሰ። ጥርሱን ነክሶ አጠበቀ።

ባለሱቁ በመንገዱ በር ገባ። «ይቅርታ፣ ጎረቤት ጠርቶኝ ክሩን መሬት ላይ ጥዬው ሄድኩ። አሁን ልያዘው።»

ዘንጉ እንደጎበጠ ነው።

«አባዬ፣ ቀስ በል» አለ የልጅቷ ድምፅ ከጓሮ፤ «እጄን አመመኝ።»