የየኔታ የደም ግፊት

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ጥቅምት፣ የቢቸናው የቅኔ መምህር የኔታ አካለ ወልድ ራሳቸውን አዙሯቸው፣ ዓይናቸው ብዥ ብሎባቸው፣ በጭነት መኪና ሞጣ ክሊኒክ ደረሱ። ነርሷ ፋንታነሽ ግፊታቸውን ስትለካ ሁለት መቶ ስልሳ ሆነባት።

«የኔታ፣ መድኃኒቱን በደም ሥርዎ ቀስ እያልኩ እሰጥዎታለሁ። እስከዚያው አይናገሩ።»

«ስጪኝ ልጄ፣ ዝም ግን አልልም። ተማሪዎቼን ለመምህርነት ሳላበቃ ሞት ቢጠራኝ አቤት አልለውም!» አሉና ቅኔያቸውን ማዜም ጀመሩ።

ፋንታነሽ በየአምስት ደቂቃው ለካች። ግፊቱ መቶ ሰማንያ፣ ከዚያም መቶ አርባ ሲገባ ደስ ብሏት መርፌውን ነቀለች። ግፊቱ ግን መውረዱን አላቆመም። ዘጠና ሆነ፤ ስልሳ ሆነ። ደንግጣ እግራቸውን ከፍ አደረገች፤ ጉልኮስም ተከለችላቸው። በመጨረሻ በማዳመጫው ውስጥ የሚመታ ነገር ጠፋ። የየኔታ ዜማ ግን ይብሱን ጠነከረ።

መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ በራሷ ክንድ ሞከረችው፤ ደህና ይሠራል። ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አኖረች።

«የኔታ፣ እባክዎ ለአፍታ ዝም ይበሉልኝ።»

ዝም አሉላት። ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። ልባቸው አይመታም፤ ደረታቸውም አይነሳም አይወርድም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አገኘሽው?» አሉ የኔታ።

«አላገኘሁትም።»

«እኔም ካጣሁት ቆየሁ። ለማንም እንዳትነግሪ!» አሉና ተነስተው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።