ጤፉ የቱ ነው

ጸሐይነሽ በነጠላ ጫማዋ ሮጣ ሣሩ መሃል ገብታ ቆመች። አትክልተኛው ሰቡንያ የሰነዘረውን ማጨጃ እንደምንም አየር ላይ ያዘው። ደንግጦ፣ ኒያቦ፣ እመቤቴ፣ እግርዎን ልቆርጠው ነበር እኮ አላት የአገሩን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ቀላቅሎ።

ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እዚህ ሰው አገር፣ ቡኮቶ ሰፈር በተከራየችው ግቢ ውስጥ ሣር ከቁርጭምጭሚት ካለፈ አከራይዋን ያማቸዋል፤ ዛሬም እንዲታጨድ ያዘዙት ገና በጠዋት ነው። ጸሐይነሽ ደግሞ ከኪሱጉ ሰፈር፣ ከአገሯ ልጅ ከአሰፋሽ ሱቅ ለምና ያመጣችውን አንድ እፍኝ ጤፍ ባለፈው ወር እዚህ አጥር ሥር በትናዋለች።

ነገሩን ያመጣችው ልጇ ሔሊና ናት። ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቶ ልጆቹ በስልክ ሲማሩ፣ መምህሯ ምግባችሁ ከየት እንደሚመጣ ሳሉ አለቻቸው። የሰባት ዓመቷ ሔሊና አውሮፕላን ሳለች። ምን ታድርግ፣ እንጀራ ያየችው አየር መንገድ የሚሠራው አባቷ ከአገር ቤት በሻንጣ ይዞ ሲገባ ነው። ልጆቹ ሲስቁባት እሷ ፍንክች አላለችም። አውሮፕላኑ ሲቀር እንጀራውም አብሮ ቀርቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? እናቷን ግን አንጀቷን አሳረራት። ከመሬት ሲበቅል በዓይንሽ አሳይሻለሁ ብላ ማለችላት።

ሰቡንያ ክፉ ሰው አይደለም። የሚበላ ነገር መዝራቷን ስትነግረው ማጨጃውን ዝቅ አደረገ። የቱ እንደሆነ ብቻ ያሳዩኝ፣ እሱን ትቼ ዙሪያውን አጭዳለሁ አላት።

ጸሐይነሽ ጎንበስ አለች። ቀጭን ቅጠል፣ ሌላ ቀጭን ቅጠል፣ አሁንም ቀጭን ቅጠል። ተወልዳ ያደገችው ፒያሳ ነው። ማኛውን ከሰርገኛው ለይታ፣ ከነጋዴ ተከራክራ መግዛት ማን እንደሷ። ጤፍ ማሳ ላይ በቅሎ ያየችው ግን በመኪና መስኮት ነው፣ ያውም ሲያልፍ።

ሔሊና ከበረንዳው ወርዳ አጠገባቸው ደርሳለች። የእናቷን ጣት በዓይኗ እየተከተለች ጠበቀች። ጣቱ የትም አላረፈም።

«አንቺም አታውቂውም?»

ጸሐይነሽ አፈረች። አንዱን ሣር ይዛ ይኸውልሽ ብትል ማን ይከራከራታል? ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቀውም» አለቻት። ከዚያ ወደ ሰቡንያ ዞረች። «ስለማላውቀው አንዱንም አትነካም።»

አከራይዋ ከፎቅ መስኮት ብቅ ብለው ሥራው ለምን እንደቆመ ጠየቁ። ሰቡንያ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ጸሐይነሽ አየ። ጸሐይነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ሣሩ መሃል ተመቻችታ ተቀመጠችና ከዚያው ሆና፣ እስኪያፈራ አይታጨድም አለቻቸው።

ሔሊና ወደ ቤት ገብታ ውሃ የሞላ ጆግ በሁለት እጇ አቅፋ ተመለሰች። ከአጥሩ ጥግ ጀምራ፣ ጤፉንም አረሙንም፣ አንድ ቅጠል ሳታልፍ ታጠጣ ጀመር።