ማሽኑ የማያውቀው ቤት

«ቀበቶውን ሳብ አድርጊው፣ እማዬ።»

«ስቤዋለሁ። ልታንቂኝ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?»

እናትየው ከኋላ ወንበር ላይ ናት፣ ልጇ ከፊት። የምታየው የልጇን ፊት አይደለም፤ የሄልሜቷን ጀርባ ነው። ክፍሉ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ተብሎ አጥንት እስኪሰማው ቀዝቅዟል። አውሮፕላን የተባለው ነገር ክንፍም ጎማም የለውም፤ አፍንጫና ሁለት ወንበር ብቻ ተቆርጦ ሲሚንቶ ላይ ተተክሏል። ከፊቱና ከጎኑ እንደተፈለጠ ቅል የጎበጠ ነጭ ግድግዳ ከቦታል።

«ጄት የሚሉት ይኼንን ነው? የጎረቤታችን የተበላሸ ሚኒባስ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ጎማ አለው።»

ጆሮዋ ላይ ከተደፋው ማዳመጫ የወንድ ሳቅ መጣ። አሠልጣኙ ሻምበል ነው፤ ወዲያኛው ክፍል ስክሪኖቹ ፊት ተቀምጦ ሁሉን ይሰማል። «እማማ፣ ይኼኛው የበረራ መለማመጃ ነው፤ ነዳጅ አይጠጣም፣ ሰው አይገድልም። ጀማሪ ሁሉ እዚሁ ነው ወድቆ የሚነሳው።»

«አንተን ደግሞ ማን ጠየቀህ? ከልጄ ጋር ነኝ።»

በአየር ኃይል ማሠልጠኛው የቤተሰብ ጉብኝት ቀን ነው። ሌሎቹ ወላጆች ፎቶ ሊነሱ መጥተዋል፤ እሷ ልጇን ይዛ ልትመለስ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ፈቃድ አግኝታ ሁለቱንም ጊዜ ቤት አልመጣችም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት በወለዱትም ይደርሳል ወይ እያለች እናትየው ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። በኋላ ለጎረቤቶቿ «ጆሮዋን ይዤ አመጣታለሁ» ብላ ፎከረች፤ ፎክራ ያላደረገችው ነገር ደግሞ የለም። የምትናገረውንም መንገድ ላይ አሰናድታ ጨርሳለች። «ነይ፣ ቤትሽ ግቢ» ነው። ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው አትወድም።

ግድግዳው በራ፤ መሬት ሆነ፣ ሰማይ ሆነ። መንደርደሪያው ከሥራቸው ሮጦ አለቀና ወደ ላይ ወጡ።

«ወዴት ልውሰድሽ?» አለች ልጅቷ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። ሌላ የት አውቃለሁ?»

ልጅቷ መሪውን ወደ ጎን ገፋ ስታደርገው ዓለም በሙሉ ተንጋደደ። ወንበሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እናትየው የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች እንጂ አልጮኸችም፤ ማን ደስ ይበለው ብላ። ተራሮቹ አለፉ። ከዚያ ወንዙ መጣ፤ ያ እንደ ክርን የታጠፈው የራሷ ወንዝ። ከማዶው ባለ ሁለት ጉብታው ኮረብታ። ለካ ይኼ ቆርቆሮ የሚያውቀው ነገር አለው።

ከኮረብታው ጀርባ ግን ምንም አልነበረም። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሜዳ፣ በቃ።

«ሰፈሩን ማን በላው?»

«ማሽኑ አያውቀውም፣ እማዬ። ተራራና ወንዝ ነው የሚያውቀው። ቤት የሚያሳየው አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ከተማ ላይ ብቻ ነው።»

«ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽው?»

ልጅቷ አውሮፕላኑን በግራ በኩል አዘንብላ አንዲት ቦታ ላይ ትዞር ጀመር። ሄልሜቱ ወደ መሣሪያዎቹ አያይም፤ ወደ ታች፣ ወደ ሣሩ ነው የሚያየው። እናትየው ከኮረብታው ተነስታ በዓይኗ ወረደች፤ በልጅነቷ ውሃ የቀዳችበትን፣ ሙሽራ ሆና የመጣችበትን መንገድ ሁሉ ባዶው ላይ አሰመረችው። ቦታው እሱ ነው። ልጅቷ ስንዝር አልሳተችም።

«ቀጮ» አለቻት፤ የቤት ስሟ ነው። «እዚህ መምጣት ለምዶብሻል ማለት ነው።»

«ሻምበል የተረፈ ሰዓት ሲሰጠን… ሌሎቹ ውጊያ ይለማመዱበታል። እኔ እዚህ እዞራለሁ።»

«በቆርቆሮ ትመጫለሽ፣ በእግርሽ አትመጪም።» ስድብ ሆኖ ወጣ። የሷ ፍቅር ሁሉ ስድብ ሆኖ ነው የሚወጣው።

«በእግሬ ከመጣሁ አልመለስማ።» አለች ልጅቷ መዞሯን ሳታቋርጥ። «በሩ ላይ ቆመሽ ካየሁሽ አበቃ። አልጋዬ ላይ አንድ ሌሊት ካደርኩ አበቃ። ራሴን አውቀዋለሁ። መብረሩንም እፈልገዋለሁ፣ እማዬ፤ እንዴት እንደምፈልገው ብነግርሽ አይገባሽም። አንቺ ነይ ካልሽኝ ግን አሁኑኑ ተነስቼ እከተልሻለሁ። ስለዚህ አትበይኝ።»

ማዳመጫው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሻምበሉ የራሱን መስመር ዘጋ። ሰው ነው ለካ።

እናትየው አፏን ከፈተች። ይቺ ሴት በዕድሜዋ ቃል አፏ ውስጥ አድሮባት አያውቅም፤ ለዳኛም ለአማቷም ለባሏም የመሰላትን ፊት ለፊት ተናግራ ነው የኖረችው። «ነይ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ቆማለች። ከትንፋሽ አትበልጥም። ብትተፋት ዛሬውኑ ልጇን አስከትላ ትገባለች፤ ያ ቤት እንደገና ሁለት ሰው ይተነፍስበታል። ከሄልሜቱ ሥር የልጇ አንገት ይታያል፤ እንደ ድሮው ቀጭን ነው፣ ደም ሥሩ ይመታል።

ዋጠቻት። ቃሏ እንደ አጥንት ጉሮሮዋን እየቧጠጠች ወረደች።

«የውሃ ጉድጓዱ እዚያ ጋ ነው» አለች፣ በጣቷ ሣሩን እያሳየች። «ክዳኑን አሠርቼዋለሁ። አባትሽ የተከለው ዛፍ ደግሞ ተጣሞ መስኮትሽ ላይ ተኝቷል። ልቆርጠው እልና እተወዋለሁ።»

«የቱ ጋ?»

«እዚያ። አታይም እንዴ? ትንሽ ዝቅ በይ።»

ልጅቷ ዝቅ አለች። ሌላ ዙር ዞሩ። በመጨረሻ ሻምበሉ ተመልሶ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ሌላ ሰልጣኝ እየጠበቀ መሆኑን ተናገረ።

«በይ አሳርፊኝ» አለች እናትየው። «ሰው እያየ ከስክሰሽ እንዳታዋርጂኝ።»

አውሮፕላኑ ቀና አለ። ሜዳው በጎናቸው እየሸሸ ወደ ኋላ ቀረ። እናትየው አንገቷን እያዞረች ተከተለችው። ከወንበሩ ጀርባ ሰማዩ ያልቃል፤ ጥቁር መጋረጃ ነው ያለው። እሷም ጥቁሩን መጋረጃ እያየች፣ መሬት እስኪነኩ ድረስ ፊቷን አልመለሰችም።