የነጂው መስኮት

መጀመሪያ የሚሰማኝ የኩባያው ድምፅ ነው። ኩባያና ማስቀመጫው እየተንቀጫቀጩ የምድር ቤቱን ደረጃ ይወርዳሉ። ከዚያ የአባቴ ጫማ ይታየኛል፣ ከዚያ ራሱ። ቡናው ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ፈስሷል። ላግዝህ አልለውም፤ ካልኩት ይቆጣል።

«ሰውዬው ለበሰ ወይስ እስካሁን ራቁቱን ነው?»

«ሱሪውን አልብሼዋለሁ። ኮፍያውና እጁ ቀርተዋል።»

«ቀስ በል። አባቴ በሕይወት እያለም ለመልበስ አይቸኩልም ነበር።»

ሰውዬው አያቴ ነው። ቁመቱ ጥፍሬን አያህልም፤ በወረንጦ ይዤ እየቀባሁት ነው። የሚቀመጥበት የባቡር ሎኮሞቲቭ መሐላችን ቆሟል፤ ነሐስ ነው፣ ከክንዴ ያጥራል። ከሳጥኑ ሲወጣ የሌላ ኩባንያ ሎኮሞቲቭ አምሳያ ነበር። አባቴ ግን አያቴ በፔንሲልቬንያ ተራሮች ከሰል ሲያመላልስበት የኖረውን ሊያደርገው ሦስት ክረምት ሠራበት። ጭስ ማውጫውን አሳጠረ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገ፣ የአየር ፓምፑን ከቀኝ ጎን ነቅሎ ወደ ግራ አዞረ። ፓምፑ ብቻውን አንድ ሙሉ ክረምት በላ። ቧንቧዎቹን ከፀጉር ትንሽ ወፈር ባለ ሽቦ እያጠፈ በየዳቸው፤ በቀኝ የቀሩትን ቀዳዳዎች ደፍኖ ምንም እስከማይታይ ድረስ ሞረዳቸው። ያኔ እጁ የራሱ ነበር። አሁን ማንኪያ እንኳ አይታዘዝለትም። ለዚህ ነው የመጨረሻው ሥራ፣ ነጂውን ቀብቶ መስኮቱ ላይ ማስቀመጥ፣ ለእኔ የተረፈው።

ቅዳሜ በአምሳያ ባቡር ሠሪዎቹ ክለብ ሐዲድ ላይ ይሮጣል። አባቴ ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማይሠራ የክለቡ ሰዎች ያውቃሉ። እሱም ያውቃል። ነገሩን ማንም አያነሳውም።

ሁሉም የተሠራው ከአንድ ፎቶ ነው፤ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል። ሎኮሞቲቩ ወደ ግራ ዞሮ ቆሟል፣ ቁጥሩን እንፋሎት ሸፍኖታል። አያቴ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አንድ ክርኑን ደፉ ላይ አሳርፏል፣ በሌላው እጁ ኮፍያውን ይዟል። መስኮቱ የግራው ነው። ነጂ ደግሞ በቀኝ ነው የሚቀመጠው፤ ግራው እሳቱ ውስጥ ከሰል የሚጨምረው የአጉራሹ ቦታ ነው። ምክንያቱን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም፦ ያን ቀን አያቴ ቦታውን ለልጅ እግሩ አጉራሽ ለቆለት ነበር፣ እስቲ አንተ ንዳው ብሎ። አያቴን አልደረስኩበትም። ከደግነቱ የማውቀው ይህችን ብቻ ነው። እዚህ ብቻዬን ስሆን ያን ቀን ከፎቶው ውጭ እቀጥለዋለሁ፤ ልጁ እጁ ላብ በላብ ሆኖ ሲስቅ፣ አያቴ «አይዞህ፣ መንገዱን ሐዲዱ ያውቀዋል» ሲለው።

«አባዬ፣ የተቆረጠችው ጣት የቱ እጅ ላይ ናት?»

«ግራ። ፉርጎ ሲያያይዝ ነው። በግራው ሲመታኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ በአራት ጣት ስለሆነ።» ይስቃል። «ደግሞ ማን ሊያየው? የክለቡ ሌስተር በማጉያ መነጽሩ ብሎን ይቆጥራል እንጂ ጣት አይቆጥርም።»

«እኔ አየዋለሁ።»

«ወይ አንተ ልጅ» ይላል፤ ደስ ብሎታል።

ጣቷ ከየት ላይ እንደተቆረጠች ለማየት ማጉያዬን ወደ ፎቶው አስጠጋለሁ። ደፉ ላይ ያረፈው ክንድ ግራው ነው፤ እጁ ሙሉ ነው። ኮፍያውን የያዘው ቀኙ ነው። አራት ጣት። እንደገና እቆጥራለሁ። አራት።

ፎቶውን ከኔጋቲቭ ያሳተመችው ሴት አያቴ ናት፣ እሱ ከሞተ በኋላ። አንድ የማናውቀው ሰው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ኔጋቲቩን ገልብጦ አስቀመጠውና ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ታተመ። ሌላ ምንም የለም። ሎኮሞቲቩ ወደ ቀኝ ነበር የዞረው። መስኮቱ ቀኝ ነው፣ የራሱ የነጂው። ፓምፑም በቀኝ ነበር፤ ከሳጥኑ ሲወጣ በነበረበት ቦታ። ለማንም ቦታ የለቀቀ ሰው የለም።

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«ማጉያውን አምጣ።»

«ቀለሙ ሊደርቅብኝ ነው፣ ቆይ ትንሽ...»

«አምጣ።»

እሰጠዋለሁ። ማጉያው በእጁ ውስጥ የፎቶውን መስታወት ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል። ሁለት ጊዜ ይሞክራል። ከዚያ ሳያየኝ «ያዝልኝ» ይላል።

እይዝለታለሁ። መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ላይ፣ ቀጥሎ መብራቱ ላይ። የእጄን አንጓ ይይዝና ራሱ ይመራኛል፤ መንቀጥቀጡ ክንዴ ውስጥ ይገባል። ኮፍያውን የያዘው እጅ ላይ ስንደርስ ያቆመኛል። ከንፈሩ ሲቆጥር አየዋለሁ። ከዚያ ወደ ክርኑ ይወስደኛል፣ መልሶም ወደ ኮፍያው። እጄን ማንሳት እችላለሁ። አላነሳም።

አንጓዬን ይለቃል። አውራ ጣቱን ሎኮሞቲቩ ቀኝ ጎን ላይ ያሳርፋል፣ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ያለሰለሰበት ቦታ፣ ምንም በማይታይበት።

«ማንም አያውቅም እኮ አባዬ። ሌስተርም ቢሆን...»

ይነሳል።

ሰውዬው አሁንም ወረንጦው ላይ ነው፣ አንድ እጁ ሳይቀባ።

«የቱ መስኮት ላይ ላስቀምጠው?»

ጫማው ደረጃው ላይ ይሰማኛል፣ ቀስ እያለ፤ ከዚያ በሩ። ሲወጣ የሚንቀጫቀጭ ነገር የለም። ኩባያው እዚህ ነው፣ ሎኮሞቲቩ አጠገብ፣ ቡናው ረግቷል።