ጋሽ ሕሩይ ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ

መጀመሪያ የተሰማው ከዘራ ነው፤ ኮብልስቶኑን ቋ... ቋ... እያደረገ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ይወጣል። ከእንጦጦ የወረደው ጉም ሰፈሩን ሸፍኖታል። ፈትለወርቅ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ቀና ስትል ጎረቤቷ ጋሽ ሕሩይ ደጇ ላይ ቆመዋል።

«የበደልኩሽ ካለ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ደነገጠች። ሽማግሌ እንዲህ እየዞረ ይቅርታ የሚጠይቀው ሞቱ ሲታወቀው ነው። ለማጽናናት ያህል ሳቅ አለች።

«ይቅር ለእግዜር! ምነው ጋሽዬ፣ ልጄን ሳይድሩልኝ ወዴት ሊሄዱብን ነው? እዚህ ጎን ያሉትን እነሐመልማልንስ ተሰናበቱ?»

«እነሱን ለምን? እኔ እኮ ደህና ነኝ» አሉ።

ሳፋው ውስጥ የተዘፈዘፈውን ትንሽ ዩኒፎርም ትክ ብለው አዩት።

«ስለ ልጅቷ አታስቢ። እኛ አለንላት።»

ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ሌላ ደጅ ሳይቆሙ ወደ ቤታቸው ወረዱ።