የፓምፑ ጓርኒሲዮን

«ያዢልኝ» ይለኛል ኤጄታ፣ ከሞተሩ የውሃ ፓምፕ ላይ ያላቀቀውን ጓርኒሲዮን እያቀበለኝ። እሱ መካኒክ ነው፤ እኔ ከግብርና ጽሕፈት ቤት «ሄደሽ እዪው» ተብዬ የመጣሁ። የቀበሌው ወፍጮ ግሎ ከቆመ ወዲህ የእንጭኒ ሴቶች ከነእህላቸው ደጁን ሞልተውታል።

ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ደግፌ፣ ከኋላችን ይንጎራደዳል።

«ገና ባለፈው ወር የጠገንከው ዛሬ አፈሰሰ። ይሄ አሻጥር ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ጓርኒሲዮኑ ነዋ፣ ጓድ።»

«ጓርኒሲዮን፣ ጓርኒሲዮን! ስሙን እየጠራህ አታድክመኝ።» ወደ እኔ ይዞራል። «ጓድ ሸዋገነት፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ የበጠስሽ ነሽ። ምንድን ነው እሱ?»

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። «ሁለት ብረት ሲገጣጠም መሃል የሚገባ ነው» እላለሁ። «ብረት ምንም ቢታሰር ውሃ ማሳለፉ አይቀርም። እሱ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ይደፍናል። የፋብሪካው ሲጠፋ ከካርቶን ይቆረጣል።»

«ካርቶኑስ ከየት መጣ?»

ኤጄታ መፍቻውን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የጠረገውን መልሶ ይጠርጋል።

«ሊቀመንበር!» ትላለች ከሴቶቹ አንዷ፣ አዴ ወርቅቱ፣ ከደጅ። «ልጆቼ ስብሰባ አይበሉም! ዱቄቱን አሁን፣ ምርመራውን ማታ!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ደግፌ ሊቆጣቸው ፊቱን ሲያዞር፣ እጄ ላይ ያለውን ገልበጥ አደርገዋለሁ።

ከግራሶው ሥር ቀይ ቀለም አለ። ከቀዩ ላይ ግማሽ ጢም።

ከቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ የጠፋው የአብዮት መሪዎች ሥዕል፤ ዘበኛው በሰበቡ የተገረፈበት። እንዲህ ያለ ወፍራም ካርቶን እንጭኒ ውስጥ ሌላ የት ይገኛል? ደግፌ ካየው ኤጄታ ዛሬ ቤቱ አያድርም።

ቀና ስል ከኤጄታ ጋር ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን። ማየቴን አይቷል።

«እስቲ አምጪው» ይላል ደግፌ እጁን ዘርግቶ።

ጨበጥ አደርገዋለሁ። ውሃ የጠጣው ካርቶን መዳፌ ውስጥ እንደ ሊጥ ይላቁጣል። ያንን ጥቁር ድብልብል እጁ ላይ አኖርለታለሁ።

«በስብሷል፣ ጓድ። ካርቶን ነው፤ ከዚህ በላይ አይቆይም።»

ያሸተዋል። እኔን ያየኛል፣ ኤጄታን ያየዋል። ከዚያ ወርውሮት መዳፉን ግድግዳው ላይ ይጠርጋል። «ሌላ ቁረጥ! ዛሬውኑ ይነሳ!» ብሎ ወደ ሴቶቹ ይወጣል።

ኤጄታን «አይዞህ» እለዋለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ኤጄታ ወደ ደጁ ይመለከታል፣ ወደ እኔም። ፊቱ ላይ ምስጋና የለም።

«ማን ነው የላከዎት?» ይለኛል፣ አንቺ ማለቱን ትቶ።

መልሴን አይጠብቅም። ከሳሙና ካርቶን አንዱን ጎን ይቀድዳል። ከፓምፑ ላይ ከማኖሩ በፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ መጀመሪያ አንዱን ፊት፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ አይቼ እስክጨርስ ድረስ ያሳየኛል።